ዩሊሲስን ስለ ማንበብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአየርላንዳዊውን ደራሲ የጄምስ ጆይስን "ዩሊሲስ" የተባለ ልቦለድ የጀመሩ፣ ያቋረጡና "ልጀምረው ወይስ ይቅርብኝ?" የሚሉ አንባቢዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?

አንድ ሰው ጠዋት ከቤቱ ይወጣል፣ ከተማውን ሲዞር ይውላል፣ ሌሊት ይመለሳል። ሰውየው ሊዮፖልድ ብሉም ነው፤ ዕድሜው 38፣ ሥራው ለጋዜጣ ማስታወቂያ ማፈላለግ፣ ከተማው ደብሊን፣ ቀኑ ጁን 16 ቀን 1904። ሚስቱ ሞሊ ዘፋኝ ናት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ብሌዝስ ቦይላን የተባለ ሰው ቤቱ መጥቶ ከሚስቱ ጋር እንደሚተኛ ብሉም ያውቃል። ስለሚያውቅም ቀኑን ሙሉ ከቤቱ ርቆ ይውላል። ወንድ ልጃቸው ሩዲ በተወለደ በ11 ቀኑ ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ሐዘኑ ግን ከሁለቱም አልወጣም።

ሌላው ዋና ሰው ስቲቨን ዴዳለስ ነው። 22 ዓመቱ ነው፤ ያስተምራል፣ ደራሲ መሆን ይመኛል። እናቱ ልትሞት ስትል ተንበርክኮ እንዲጸልይላት ለምናው እንቢ በማለቱ ሕሊናው ይወቅሰዋል። ሁለቱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲተላለፉ ውለው ማታ ይገናኛሉ፣ ብሉም ቤት ኩሽና ውስጥ ካካዎ ይጠጣሉ፣ ይለያያሉ። ወደ 265 ሺህ ቃላት የሚጠጋው መጽሐፍ ሴራው ይኸው ነው። "ቀጥሎ ምን ሊፈጠር ይሆን?" እያላችሁ ካነበባችሁት ይሰለቻችኋል። "ይህ ሰው አሁን ምን አሳሰበው?" እያላችሁ ካነበባችሁት ግን በየገጹ የሚገጥማችሁ ነገር አለ።

አስቀድሜ የሆሜርን ኦዲሲ ማንበብ አለብኝ?

የግድ አይደለም። ዩሊሲስ የግሪኩ ጀግና የኦዲሲየስ የላቲን ስሙ ነው። ከትሮይ ጦርነት በኋላ ወደ አገሩ ለመመለስ አሥር ዓመት በባሕር ተንከራቷል፤ ጆይስ ያንን መንከራተት በአንድ ቀን የከተማ ውሎ ተካው። ብሉም ኦዲሲየስን፣ ስቲቨን ልጁን ቴሌማከስን፣ ሞሊ ሚስቱን ፔኔሎፔን ይተካሉ። ፔኔሎፔ ባሏን 20 ዓመት በታማኝነት ጠብቃዋለች፣ ሞሊ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ አልጠበቀችውም። ኦዲሲየስ የሚስቱን ፈላጊዎች በቀስት ፈጃቸው፣ ብሉም ግን ማንንም አይነካም። ይህን ያህል ካወቃችሁ ለመጀመሪያ ንባብ ይበቃችኋል።

ጊዜ ካላችሁና አንድ ነገር አስቀድማችሁ ማንበብ ከፈለጋችሁ፣ ከሆሜር ይልቅ ጆይስ በ1916 በመጽሐፍ ያወጣውን የመጀመሪያ ልቦለዱን (A Portrait of the Artist as a Young Man) አንብቡ። የስቲቨን ልጅነትና ከቤተ ክርስቲያን መራቁ እዚያ ነው ያለው፤ እዚህ ግን ጆይስ እንደምታውቁት ቆጥሮ ያልፈዋል።

እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው። ይበቃኛል?

ለየትኛው ምዕራፍ? 4ኛው ምዕራፍ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ያሉት፣ ስለ ድመት፣ ስለ ቁርስና ስለ አሳማ ኩላሊት የሚያወራ ነው። 14ኛው ምዕራፍ ደግሞ እንግሊዝኛን በእናታቸው ጡት የጠቡትንም ያላበው ነው። ስለዚህ "ቋንቋዬ ደካማ ስለሆነ ነው ያልገባኝ" ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ብዙ ጊዜ ያልገባችሁ ጆይስ ወዲያው እንዲገባችሁ ስላልፈለገ ነው።

ከመዝገበ ቃላት የበለጠ የሚረዳው ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ጆይስ ጥሩ ዘፋኝ ነበር፤ ዓይን የተደናቀፈበትን ዓረፍተ ነገር ጆሮ ይፈታዋል። የአየርላንድ ብሔራዊ ሬዲዮ በ1982 ሙሉውን መጽሐፍ አንድም ቃል ሳይቀር በተዋንያን ድምፅ አሰራጭቷል፤ ርዝመቱ 30 ሰዓት ገደማ ነው። መጽሐፉን ይዞ እሱን እየሰሙ መከተል፣ በተለይ ብዙ ሰው በሚያወራባቸው ምዕራፎች፣ ማን ምን እንዳለ ለመለየት በጣም ያግዛል።

የትኛውን እትም ልያዝ?

መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1922 በጆይስ 40ኛ ልደት ፓሪስ ውስጥ ነው። ያሳተመችው የመጻሕፍት መደብር ባለቤቷ ሲልቪያ ቢች ነበረች፤ የታተመውም 1,000 ቅጂ ነው። ፊደል ለቃሚዎቹ የዲዦን ከተማ ፈረንሳውያን ስለነበሩና ጆይስም በማረሚያ ቅጂዎቹ ጠርዝ ላይ እስከ መጨረሻው ሰዓት እየጨመረ ስለጻፈ፣ እትሙ ስሕተት የሞላበት ሆነ። በ1984 ሃንስ ዋልተር ጋብለር የተባለ ጀርመናዊ ምሁር በእጅ ጽሑፎቹ ላይ ተመሥርቶ የታረመ እትም አወጣ። በ1988 ደግሞ ጆን ኪድ የተባለ አሜሪካዊ እርማቱ ራሱ እርማት ይሻል ብሎ ተነሣና ትልቅ ጠብ ሆነ።

ለአንባቢ ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ነጠላ ሰረዝና አንዳንድ ቃል ነው። የጋብለር እትም መስመሮቹ በቁጥር ስለተለዩ ማብራሪያ ይዞ ለሚያነብ ይመቻል። ያንን ካላገኛችሁ ያገኛችሁትን አንብቡ፤ ብቻ ፊደሉ ደቃቅ የሆነውን ተዉት።

ማን እየተናገረ፣ ማን እያሰበ እንደሆነ እንዴት ልለይ?

ጆይስ ትእምርተ ጥቅስ አይጠቀምም። ሰው ድምፅ አውጥቶ ሲናገር በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ረጅም ሰረዝ ታያላችሁ፤ ንግግሩ የት እንደሚያበቃ ግን የሚነግራችሁ ምልክት የለም። ሐሳብ ደግሞ ጭራሽ ምልክት የለውም። በ4ኛው ምዕራፍ ተራኪው ብሉም ደጃፉ ላይ ሆኖ ለቁልፍ የኋላ ኪሱን እንደዳበሰ ይነግረናል። ከዚያ ወዲያው "የለም። ያወለቅኩት ሱሪ ውስጥ ነው። ማምጣት አለብኝ። ድንቿ አለች" ይላል። ከ"እሱ" ወደ "እኔ" የተሻገረው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። ይህን መሸጋገሪያ አንድ ጊዜ ከለመዳችሁት የመጽሐፉ ግማሽ ይከፈትላችኋል።

ሦስቱ ዋና አሳቢዎች ደግሞ በአስተሳሰባቸው ይለያሉ። ብሉም ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ስለ ነገሮች ያስባል፤ ስንት ያወጣል? እንዴት ይሠራል? ምን ምን ይላል? ስቲቨን በመጻሕፍት በኩል ነው የሚያስበው፤ ላቲን፣ ፍልስፍና፣ ሥነ መለኮት። ሞሊ ያለ ሥርዓተ ነጥብ ትፈስሳለች። (ድንቿ ነገር፦ ኪሱ ውስጥ ያለችው የእናቱ ማስታወሻ መሆኗ የሚገለጠው 15ኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ቁልፉንም ሳይዝ ወጥቷል፤ በሌሊት አጥር ዘልሎ ነው ቤቱ የሚገባው።)

ሁልጊዜ 3ኛው ምዕራፍ ላይ አቆማለሁ። ምን ላድርግ?

ዝለሉትና ወደ 4ኛው ሂዱ። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የመጽሐፉ ሰዓት ራሱ ይፈቅድላችኋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች የስቲቨን ጠዋት ናቸው፤ 4ኛው ላይ ሰዓቱ ወደ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተመልሶ የብሉም ጠዋት ይጀምራል። በ1ኛው ምዕራፍ በስቲቨን ላይ ፀሐይን የጋረደችው ደመና በ4ኛው ብሉምንም ታጠላበታለች። በ6ኛው ምዕራፍ ብሉም በቀብር ሠረገላ ሲያልፍ ስቲቨንን በመስኮት ያየዋል። እዚያ ስትደርሱ ወደ 3ኛው ብትመለሱ፣ ልጁ ብቻውን የባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ምን እንደሚያብሰለስል ለማወቅ ምክንያት ይኖራችኋል።

ስትመለሱም የሚሆነውን ብቻ ያዙ። አንድ ወጣት ባሕር ዳር ይሄዳል። ዓይኑን ጨፍኖ ይራመዳል፤ እኔ ሳላየው ዓለሙ አለ ወይስ የለም? ብሎ ሊፈትን ነው። አንድ ውሻ የሞተ ውሻ ሲያሸት ያያል። ከደብዳቤ ላይ ወረቀት ቀድዶ ስንኝ ይጽፋል። መሐረብ ስላጣ ንፍጡን ድንጋይ ላይ ያስቀምጥና የሚያየው ሰው እንዳለ ለማጣራት ወደ ኋላ ይዞራል። አሪስቶትልና ሌሎቹ ፈላስፎች በዚህ መሐል የሚያልፉ የአንድ ያዘነ ተማሪ ሐሳቦች ናቸው።

ጠቀሳዎቹን ሁሉ መፍታት አለብኝ?

አይ። ከዚህ መጽሐፍ ሰዎችን የሚያባርረው ዋናው ነገር ይህ ፍርሃት ይመስለኛል፦ እያንዳንዱ መስመር የተቆለፈ ሣጥን ነው፣ ቁልፉ ሌላ መጽሐፍ ውስጥ ነው የሚል። ወርቁን ፍለጋ ሰሙን ረግጦ የሚሄድ አንባቢ ሁለቱንም ያጣል። ጠቀሳ ሲገጥማችሁ "ከየት መጣ?" ከማለት በፊት "ለምን አሁን፣ ለምን በዚህ ሰው አፍ?" በሉ።

መጽሐፉ ሲከፈት ከስቲቨን ጋር የሚኖረው በክ ማሊጋን የመላጫ ጎድጓዳ ሳሕኑን ከፍ አድርጎ በላቲን አንድ ነገር ይላል። የካቶሊክ ቅዳሴ መክፈቻ ነው፤ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደው "ወደ እግዚአብሔር መሠዊያ እገባለሁ" የሚለው። ምንጩን ባታውቁም ሰውየው በቄስ እያሾፈ መሆኑን፣ አጠገቡ የቆመው ስቲቨን ደግሞ እንደማይስቅ ታያላችሁ። ይህን ካያችሁ ዋናውን ይዛችኋል፦ አንዱ በሃይማኖት ይቀልዳል፣ ሌላው ሃይማኖቱን ትቶ ጸጸቱን ይዞ ቀርቷል።

ስሕተት የሆኑ ጠቀሳዎችም አሉ፤ ለእኔ እነዚህ ከሁሉ ይጥሙኛል። በ8ኛው ምዕራፍ ብሉም ከሐምሌት የአባትየውን መንፈስ ንግግር ያስታውሳል፣ ግን ያበላሸዋል፤ የሼክስፒር መንፈስ "በሌሊት" እንዲዞር ተፈርዶበታል፣ የብሉም መንፈስ "በምድር" ላይ ይዞራል። ማብራሪያ መጻሕፍት ያርሙታል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ስቲቨን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለዚያው መንፈስ፣ ስለ አባትና ልጅ፣ ሼክስፒር ስለሞተበት ልጁ ስለ ሐምኔት ረጅም ንግግር ያደርጋል። ስቲቨን ጥቅሱን በቃሉ ያውቀዋል። አባቱ ራሱን ያጠፋውና ልጁ የሞተበት ግን ብሉም ነው፤ በምድር ላይ ሲዞር የሚውለውም እሱ ነው።

ከውጭ ከሚመጡት ጠቀሳዎች ይልቅ መጽሐፉ ራሱን የሚጠቅስባቸው ናቸው ትኩረት የሚሹት። የፈረሱን ጉዳይ ውሰዱ። በ5ኛው ምዕራፍ አንድ የሚያውቀው ሰው ጋዜጣውን ልየው ሲለው ብሉም "ውሰደው፣ ልጥለው ነበር" ይለዋል። በዚያ ቀን በአስኮት የወርቅ ዋንጫ ከሚሮጡት ፈረሶች አንዱ ትሮውአዌይ ይባላል፤ "የሚጣል" እንደ ማለት ነው። ሰውየው ብሉም በዘዴ የውርርድ ጥቆማ የሰጠው መስሎት ይሮጣል። ፈረሱ አንድ ላስያዘ ሃያ በሚያስገኝ ግምት ያሸንፋል (በእውነተኛው ዓለምም በዚያው ቀን ያሸነፈው እሱ ነው)። በ12ኛው ምዕራፍ መጠጥ ቤት ውስጥ ብሉም ብዙ ገንዘብ በልቷል የሚል ወሬ ይነዛል። ብሉም ምንም አያውቅም፤ ስለዚህ ማንንም አይጋብዝም። አይሁዳዊነቱ ላይ ይህ ሲጨመርበት ቂሙ ይጋጋልና በብስኩት ቆርቆሮ ተወርውሮበት ያመልጣል። ሌሊት ቤቱ ሲገባ የተቀደዱ የውርርድ ቲኬቶች ያገኛል፤ ቦይላን በሌላ ፈረስ አስይዞ ተበልቷል። ይህን ሁሉ ለመከተል አንድም የውጭ መጽሐፍ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው 5ኛውን ምዕራፍ አለመርሳት ነው፤ መጽሐፉ ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግም ያግዛል።

ማብራሪያ መጽሐፍ አብሬ ላንብብ?

አብሮ አይሁን፤ ተከታትሎ ይሁን። ምዕራፉን መጀመሪያ ብቻችሁን አንብቡ፣ ከዚያ ማብራሪያውን ግለጡ፣ የወደዳችሁትን ገጽ ደግማችሁ እዩ። የዶን ጊፎርድ ማስታወሻዎች በየመስመሩ የሚሄዱና እጅግ ዝርዝር ናቸው፤ እሱን ጎን ለጎን ከፍቶ ማንበብ ትንፋሽ ያሳጥራል። የሃሪ ብላማየርስ መመሪያ ደግሞ የሆነውን በተራ ቋንቋ ይተርካል፤ ለጠፋ ሰው የሚሻለው እሱ ነው።

ምዕራፍ ብዘልስ?

14ኛውን በመጀመሪያ ንባብ ብትዘሉት አልቀየማችሁም። 15ኛውን፣ 17ኛውንና 18ኛውን ግን አትዝለሉ።

አጻጻፉ ለምን በየምዕራፉ ይለዋወጣል?

እስከ 6ኛው ድረስ የምትለምዱት አንድ ስልት አለ፤ ተራኪና የውስጥ ሐሳብ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። 7ኛው ላይ የጋዜጣ አርእስት በየመሐሉ ይገባል፤ ቦታው ጋዜጣ ቤት ነውና። ከዚያ በኋላ ስልቱ ራሱ ገጸ ባሕርይ ይሆናል። 10ኛው ከተማውን በ19 አጫጭር ትዕይንቶች ይቆራርጠዋል። 11ኛው ሙዚቃ ነው፤ መግቢያው ላይ ትርጉም የለሽ የሚመስሉት ቁርጥራጭ ሐረጎች ኋላ በምዕራፉ የሚመጡት ዜማዎች ቅምሻ ናቸው፣ ስለዚህ እዚያ ላይ አትጨነቁ። 12ኛውን የሚተርከው ስሙ የማይታወቅ አሽሙረኛ ነው። 13ኛው እኩሌታው እንደ ርካሽ የፍቅር መጽሔት ይጻፋል። 16ኛው ስልችት ያለ፣ ዓረፍተ ነገሩ መንገድ የሚስት ነው፤ ሌሊት ነው፣ ሁሉም ደክሟል።

14ኛው የወሊድ ሆስፒታል ውስጥ ነው። አንዲት ሴት በምጥ ላይ ሳለች የእንግሊዝኛ ስድ ንባብ ራሱ ከጥንቱ እስከ መንገድ አዳሪው ቋንቋ ድረስ ዘመን በዘመን እየተወለደ ይሄዳል። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ንባቡ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አድካሚ ነው። 15ኛው ከሁሉ ረጅሙ ሲሆን በቲያትር መልክ የተጻፈ ነው፤ ቦታው የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ነው፣ ቀን ላይ በሐሳብ ብልጭ ያለው ሁሉ አካል ነሥቶ መድረክ ላይ ይወጣል። ብሉም ኪሱ ውስጥ ይዞት የሚዞረው ሳሙና እንኳ ይናገራል። በመጨረሻው ብሉም ልጁን ሩዲን ያየዋል፤ በሕይወት ቢኖር ይሆን በነበረው ዕድሜ፣ መጽሐፍ እያነበበ። ቀልዱን ሁሉ ጆይስ ለዚህ ብሎ ያጠራቀመው ይመስላል።

17ኛው፣ ልክ እንደዚህ ገጽ፣ ጥያቄና መልስ ነው። ግን መልሶቹ ልክ የላቸውም። ብሉም ቧንቧ ሲከፍት "ውኃው ፈሰሰ ወይ?" ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱ ከዊክሎው አውራጃ ማጠራቀሚያ ጀምሮ ውኃው የመጣበትን መንገድ ሁሉ ይዘረዝራል። ብዙዎች ደረቅ ይሉታል። ለእኔ የመጽሐፉ አሳዛኝ ምዕራፍ ነው፤ የሚያመውን ነገር በቀጥታ መናገር የማይችል ሰው ቁጥር ይቆጥራል።

"ነውረኛ መጽሐፍ ነው" ይባላል። እውነት ነው?

ሰው ሽንት ቤት ሲቀመጥ፣ ሲመኝና ስለ ወሲብ ሲያስብ ያሳያል፤ ይህ የሚረብሻችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ዕወቁት። ከ1918 ጀምሮ በአንድ የኒው ዮርክ መጽሔት በክፍል በክፍል ሲወጣ 13ኛው ምዕራፍ ክስ አስነሥቶ በ1921 ሁለቱ ሴት አዘጋጆች እያንዳንዳቸው 50 ዶላር ተቀጡ። በ1933 ዳኛ ጆን ዉልዚ መጽሐፉ ነውረኛ አይደለም ብለው ወሰኑ፤ በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ፣ በ1936 በእንግሊዝ ታተመ። ዛሬ ሲነበብ ወሲቡ አያስደነግጥም።

የምዕራፎቹ ስሞችና ጆይስ ያዘጋጀው ሰንጠረዥ ከየት መጡ? ልመንባቸው?

"ካሊፕሶ"፣ "ሰርሲ"፣ "ኢታካ" የሚሉትን የምዕራፍ ስሞች መጽሐፉ ውስጥ አታገኟቸውም፤ የመጡት ጆይስ ለወዳጆቹ ካዘጋጃቸው ሰንጠረዦች ነው። ጆይስ በ1920 ለጣልያናዊው ካርሎ ሊናቲ የላከው አንድ ሰንጠረዥ አለ፤ ሌላው ስቱዋርት ጊልበርት በ1930 ባወጣው መጽሐፍ የታወቀው ነው። ለየምዕራፉ ሰዓት፣ የሰውነት ክፍል፣ ቀለም፣ ጥበብና የመሳሰለው ይመደብለታል። ችግሩ ሁለቱ ሰንጠረዦች በየቦታው አይስማሙም፤ አንዳንዱ ምድብም ከተጻፈ በኋላ የተለጠፈ ይመስላል። ስሞቹን ለመነጋገሪያ ተጠቀሙባቸው። ሰንጠረዡን ግን በመጀመሪያ ንባብ አጠገባችሁ አታድርጉት፤ ኩላሊት የየትኛው ምዕራፍ የሰውነት ክፍል እንደሆነ ስታጣሩ የብሉም ኩላሊት ምጣዱ ላይ ማረሩ ያመልጣችኋል።

የዝናብ ካፖርት የለበሰው ሰው ማን ነው?

አይታወቅም። በ6ኛው ምዕራፍ ቀብር ላይ ድንገት ይታያል። አንድ ጋዜጠኛ ብሉምን ስለሱ ሲጠይቀው ብሉም ልብሱን ይጠቅሳል (የዝናብ ካፖርት በእንግሊዝኛ "ማኪንቶሽ" ይባላል)፤ ጋዜጠኛው ስም የሰማ መስሎት "ማኪንቶሽ" ብሎ ይመዘግበዋል፣ ጋዜጣውም እንደዚያው ያወጣዋል። ምሁራን ሙት ነው፣ የሌላ ታሪክ ሰው ነው፣ ጆይስ ራሱ ነው ብለዋል። አንዱም አላሳመነኝም። ሰው በስሕተት እንዴት ስም እንደሚያገኝ ማየቱ ከመልሱ የሚሻል ይመስለኛል።

ሌላው ያልተፈታ ነገር ስቲቨን በሰው ሁሉ ዘንድ የታወቀችው ቃል ማን እንደሆነች የሚጠይቀው ነው። በጋብለር እትም 9ኛው ምዕራፍ ላይ መልሱ ተጽፏል፤ ቃሏ ፍቅር ናት። በቀደሙት እትሞች ያ ቦታ የለም። ጆይስ ራሱ አውጥቶት ይሁን ገልባጭ ዘልሎት፣ ክርክሩ አልተቋጨም። እኔ ባይኖር ከሚመርጡት ወገን ነኝ።

ሞሊ መጨረሻ ላይ "አዎ" የምትለው ለማን ነው?

የመጨረሻው ምዕራፍ ስምንት ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ የሚጀምረውም የሚያበቃውም በዚያው "አዎ" ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ሞሊ የምታስታውሰው ሃውዝ በተባለው ኮረብታ ላይ ብሉም አግቢኝ ያላትን ቀን ነው። ችግሩ "እሱ" የሚለው ተውላጠ ስም ነው። በአንድ ገጽ ላይ ቦይላን፣ ብሉምና በጅብራልታር ልጅነቷ የሳማት ወጣት መርከበኛ ሁሉም "እሱ" ናቸው፤ መጨረሻው ላይም ጅብራልታርና ሃውዝ ይቀላቀላሉ። በንባባችሁ ጊዜ በእያንዳንዱ "እሱ" ላይ ቆማችሁ "የትኛው?" በሉ። አንዳንዱ መልስ የለውም፣ ለሷም ያለው አይመስልም።

ታዲያ ባልና ሚስቱ ታረቁ? ምዕራፉ ሲጀምር ሞሊ ብሉም ነገ ቁርስ ከነእንቁላሉ አልጋዬ ድረስ ይምጣልኝ ማለቱ አስገርሟታል፤ እስከዚያ ቀን ቁርስ አቅራቢው እሱ ነበር። ይህን የኃይል ለውጥ አድርገው የሚያነቡት ብዙ ናቸው። ነገር ግን 17ኛውን ምዕራፍ ብትፈትሹ ብሉም ቁርስ ሲያዝዝ አታገኙትም። እንቅልፍ ሲወስደው ስለ መርከበኛው ሲንባድና ስለ አንድ ግዙፍ ወፍ እንቁላል ሲያነበንብ ግን ታገኙታላችሁ።